ያውቁ ኖሯል? ከፖሊስ ጣቢያ እስከ አመክሮ፣ ከሆሳዕና እስከ ዳሬሰላም

ያውቁ ኖሯል? ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ይህን ያዘዘው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ነው። በ48 ሰዓቱ ውስጥ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑ ቅዳሜ መሆኑ ወይም መርማሪው ስብሰባ መሄዱ በአንቀጹ ውስጥ ምክንያት ተብሎ አልተጻፈም።

ፍርድ ቤቱ ለምርመራ ተጨማሪ ቀጠሮ ሲፈቅድስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ለአስርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ልክ አበጅቶለታል፤ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ጣቢያ ቢሆን፣ ከችሎት የወጣውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ቀን ተሰጠ?» ብለው ይሁን።

ይህንንስ? ተይዞ የመጣ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ክሱ በማይገባው ቋንቋ ሲሰማም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል (አንቀጽ 20)። በነሐሴ 2015 የተመሠረተው፣ ሀዲያንና ከምባታን ያቀፈው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ከጊምቢቹ ገጠር መጥታ ሀድይሳ ብቻ የምትናገር እናት፣ ወይም ከአንጋጫ ወጥቶ ከምባቲሳ ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ችሎት ፊት ሲቆሙ አስተርጓሚ ልመና አይደለም፤ መብታቸው ነው። ዳኛው የሚናገሩት ሳይገባው አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ» የሚል ተከሳሽ ያየ ሰው፣ ይህች አንድ መስመር የስንት ሰው ዕድሜ እንደምትወስን አይስተውም።

ወደ ዋስትና እንለፍ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ዋስትና የሚሸጥ ነገር ነው። ዳኛው 10,000 ዶላር ካለ፣ ቤተሰብ ከመቶ አሥሩን ለዋስትና ነጋዴ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ተከሳሹ ነጻ ቢወጣም አይመለስም። ይህን ንግድ በሰፊው የሚፈቅዱት በዓለም ላይ አሜሪካና ፊሊፒንስ ብቻ ናቸው። እኛ ዘንድ ዋሱ ብዙ ጊዜ ሰው ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ የሚቆም መምህር ይሆናል፣ የቤት ካርታ ይዞ የሚመጣ አጎት ይሆናል፤ ቀላል ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የመታወቂያ ዋስ ይበቃል። ተጠርጣሪው ቢጠፋ ዕዳው የሚወድቀው በሚያውቀው ሰው ላይ ነው። እኔ የእኛን እመርጣለሁ። ግን ጉድለቱንም ማየት አለብን፤ ለሥራ ከሩቅ መጥቶ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ጥፋቱ የቱንም ያህል ቢቀልል ዋስ አጥቶ ይቆያል።

የታሰረን ሰው መጠየቅ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝና እንዲጎበኝ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ሰዓት መወሰን ይችላል፤ መብቱን ግን አይሰርዝም።

ስንቅም አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣቸው የሰብዓዊ መብት ሪፖርቶች፣ በኢትዮጵያ ለአንድ እስረኛ ለምግብ፣ ለውኃና ለሕክምና በቀን የሚመደበው ወደ 9 ብር ገደማ እንደነበር ጽፏል። በዘጠኝ ብር አንድ ሰው እንዴት ይውላል? ያኖረው የእናቶች አገልግል ነው። ከገጠር ቀበሌ ቆጮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ አይቤውን ደርባ፣ የባጃጅ ሒሳብ ቆጥባ በእግሯ የምትመጣ ሚስት ከመንግሥት በጀት ጎን ለጎን ማረሚያ ቤቱን ትቀልባለች። ስሟ ግን በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ የለም። ዘመድ የሌለው ታራሚ የሚበላው ጠያቂ ካለው ታራሚ ተካፍሎ ነው። በአሜሪካ ማረሚያ ቤቶች በቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት በአብዛኛው ክልክል ነው። ቤተሰብ ገንዘብ ይልካል፣ ታራሚው ከግቢው ሱቅ ይገዛል። ጭራሽ ለታሰሩበት ቀን «የአልጋ» ሒሳብ የሚያስከፍሉ ግዛቶችም አሉ።

ስለ ቁጥር ካነሳን፦ በኢትዮጵያ ስድስት የፌዴራልና ወደ 120 የሚሆኑ የክልል ማረሚያ ቤቶች እንዳሉ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። በሆሳዕናና በዱራሜ ያሉት ከክልሎቹ ወገን ናቸው። በአገሪቱ የታሰረው ሰው ቁጥር ወደ 110,000 ይገመታል፤ ከ100,000 ነዋሪ ወደ 100 ሰው ማለት ነው። በአሜሪካ ይህ ቁጥር ከ500 ይበልጣል። በጠቅላላው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው በእስር ላይ ነው፤ ከእነሱ ሌላ ደግሞ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሰው በገደብ ወይም በአመክሮ ከቤቱ ሆኖ ቁጥጥር ይደረግበታል።

«ቀላል እስራት» ሲባል ቀላል አይምሰልዎ። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ አንዳንዴ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት፣ ሲከፋም ዕድሜ ልክ።

የገንዘብ መቀጮስ? የዚያው ሕግ ጠቅላላ ድንጋጌ ለግለሰብ ያስቀመጠው መነሻ 10 ብር ነው።

ሌላም ብዙ የማይነገርለት ቅጣት አለ። ጥፋቱ ቀላል ከሆነና ቢበዛ ስድስት ወር ቀላል እስራት የሚያስፈርድ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት በእስራት ፋንታ ከአንድ ቀን እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የግዴታ ሥራ ማዘዝ ይችላል (አንቀጽ 103)። ሰውየው ማታ ቤቱ ያድራል፣ ልጆቹን ያበላል፣ ቀን ይሠራል። ገበያ ውስጥ በተነሳ ጠብ አንድ ቡጢ የሰነዘረ ወጣት ከደረቅ ወንጀለኛ ጋር አንድ ክፍል ከሚከረም፣ የሆሳዕናን የጎርፍ ቦይ ቢጠርግ ለእሱም ለከተማውም ይሻላል እላለሁ። አንቀጹ አለ። የጎደለው ሥራውን የሚሰጥና የሚቆጣጠር አካል ነው።

ልጆችስ? ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ አዋቂ የሚቀጣበት ቅጣት አይፈረድበትም። ዳኛው ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ሊሰጠው፣ ሊመክረው ሊገሥጸው፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤት እንዲወሰን ሊያደርገው፣ ጥፋቱ ከከበደ ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ለወጣት ጥፋተኞች ተብሎ የተቋቋመው ጠባይ ማረሚያ ለረጅም ዘመን በመላው አገሪቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አዲስ አበባ፣ ልደታ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሾኔ ወይም ከሺንሺቾ ስልክ ሰርቆ የተያዘ የ13 ዓመት ልጅ ወይ ከእናቱ ርቆ ይሄዳል፣ ወይ አዋቂ በታሰረበት ግቢ አንድ ጥግ ይሰጠዋል፣ ወይ ምንም ሳይደረግለት ይለቀቃል። ሦስቱም አይጠቅሙትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ አዟል፤ ትእዛዙን የሚፈጽም ግቢ በየዞኑ ሲሠራ ማየት የሁላችንም ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 365 ዕድሜው ከ18 ወር በታች የሆነ ሕፃን ከታሰረች እናቱ ጋር እንዲቆይ ይፈቅድ ነበር። ውጭ የሚረከበው ዘመድ ያጣ ልጅ ግን ከዚያም በላይ ሲቆይ ታይቷል። ሳያጠፋ የታሰረ ሰው ማለት እሱ ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ። ከዘመናዊ ሕግ በፊት ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ ዕዳው እስኪከፈል ሁለቱም አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። እስረኛውም አሳሪውም እኩል ታሰሩ።

ሌባ ሲጠፋ ይደረግ የነበረው አውጫጭኝስ? የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። የሚጠረጠረው ሰው እስኪጠራ ድረስ ማንም ወደ ማሳው አይመለስም ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የታወጀውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የግርፋት ቅጣት ተጨመረበት። ከመጽሐፉ ጨርሶ የወጣው በ1997ቱ ሕግ ነው።

ይህንንስ ያውቁ ኖሯል? የታኅሣሡን መፈንቅለ መንግሥት የመሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት 1953 አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ሕዝብ እያየ ተሰቀሉ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 የሞት ቅጣት በአደባባይ፣ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብዓዊ መንገድ እንዳይፈጸም ከልክሏል፤ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቁትም አይፈጸምም። የሞት ፍርድ አሁንም በሕጉ ውስጥ አለ፤ ተፈጸመ ተብሎ የሚታወቀው የመጨረሻው ግን በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው።

ባለሥልጣናት፣ መሪዎችና አምባሳደሮች የሚሰበሰቡበት የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው በከርቸሌ ምድር ላይ ነው። ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወህኒ ፈርሶ፣ ቻይና ያሠራችው ሕንፃ በጥር 2004 ተመረቀ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያው ግቢ ነበር።

ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጣሊያኖች እጅ ወድቀው ፖንዛ ወደምትባል ደሴት ተወሰዱ። በ1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ታስሮ ፖንዛ ተላከ፤ ያደረበትም ቤት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ቤት ነው።

ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ በሚባለው የምርመራ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ወረቀቱ ትንሽ በትንሽ ከእስር ቤት ወጣ። መጽሐፉም ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ማዕከላዊ ራሱ እንደሚዘጋ የተነገረው በታኅሣሥ 2010 ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት በተነሳው ቃጠሎ መንግሥት ባመነው ቁጥር ብቻ 23 ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው፣ በሕግ ፊት ንጹሕ ተብለው የሚገመቱ ነበሩ።

ወደ ከምባታ እንመለስ፤ እዚያ ዓለም የተማረበት ነገር አለ። የሴት ልጅ ግርዛት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ያስቀጣል። ከምባታ ውስጥ ልማዱን የሰበረው ግን ሕጉ ብቻውን አይደለም። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቦጋለች ገብሬና እህቷ ፍቅርተ ዱራሜ ላይ ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶፔ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ቦጋለች በሕፃንነቷ የተገረዘች፣ ከቤት ተደብቃ የተማረች፣ አሜሪካ ድረስ ሄዳ በሳይንስ የሠለጠነች የከምባታ ልጅ ናት። ተመልሳ የሠራችው ሥራ ሰዎችን ማሰባሰብ ነው፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ገራዥ፣ የእድር ዳኛ፣ ቄስና ፓስተር በየቀበሌው ተቀምጠው ለወራት ተነጋገሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ ጽፋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተዳረች፤ ሙሽራውም ባልተገረዘች ሴት መደሰቱን ጽፎ ከጎኗ ቆመ። ሰርጉን ብዙ ሕዝብ አየው። ቀጥሎ እድሮች ልጁን ባስገረዘ ሰው ላይ ማዕቀብ መጣል ጀመሩ። በአሥር ዓመት ገደማ ልማዱ በዞኑ ምን ያህል እንደቀነሰ ያጠኑ ባለሙያዎች ተገርመዋል። ቦጋለች በ2005 ዓ.ም. የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦዱዊን ሽልማት ተቀብላ በ2012 ዓ.ም. አረፈች።

የቦጋለች መንገድ ለምን ሠራ ቢሉ፣ ሀዲያም ከምባታም ከድሮ ጀምሮ ሴራ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። አጎራባቾቹ ስልጤና ሃላባም እንዲሁ። ሴራን የጣሰ ሰው በሽማግሌ ይመከራል፣ ካሳ ይከፍላል፤ አሻፈረኝ ካለ የመጨረሻው ቅጣት መገለል ነው። ቡና አይጠራም፣ እሳት አይጫርለትም፣ ሐዘኑ ላይ ሰው አይቆምም። ሰንሰለትና ግንብ የለውም፤ ግን ለቅሶ ላይ ብቻውን የሚቆም ሰው ከታሰረ ሰው አይሻልም። ይህ ኃይል ለጽድቅም ለበደልም ሊውል ይችላል፤ ትናንት ያልተገረዘችን ልጅ ያገለለው ያው ማኅበረሰብ ነው ዛሬ ገራዥን ያገለለው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ይጨመር። በ1949ኙ ሕግ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1997ቱ ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል፣ ጋብቻው ወንጀሉን አያጠፋም። በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር አለ፣ በሽማግሌ ማለቅ የሌለበትም አለ።

አሁን ወደ ትልቁ የእኛ ጉዳይ። ከሀዲያና ከከምባታ የወጣ ልጅ የሚታሰረው ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ብቻ እንዳይመስልዎ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚጓዙት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ የሚነሱት ከእነዚሁ ሁለት ዞኖች ነው። መንገዱ በሞያሌ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዚምባብዌ እያለ ይሄዳል። በየድንበሩ የተያዘ ልጅ ያለ ፈቃድ በመግባት ወንጀል ይፈረድበታል። ችግሩ ከፍርዱ በኋላ ይብሳል፦ ጊዜውን ጨርሶ መመለሻ የሌለው፣ ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥለት ወረቀት የሌለው፣ ቋንቋውን የሚያውቅለት የሌለው ልጅ እዚያው ይከርማል።

ጥር 17 ቀን 2013 ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ ታንዛኒያ ሄደው ከፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ ጋር በማጉፉሊ የትውልድ ከተማ በቻቶ ተገናኙ። በዚያ ቀን ማጉፉሊ በታንዛኒያ እስር ቤቶች የነበሩ 1,789 ኢትዮጵያውያን ፍልሰተኞች እንደሚለቀቁ አስታወቁ። 1,789! ከሆሳዕና ስንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሞላሉ? ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ «ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ሥራ በዝቶበት ነው ያልደወለው» እየተባሉ ስማቸው ይነሳ የነበሩ ልጆች ናቸው።

መታሰርም ዕድል የሚሆንበት መንገድ ነው ይህ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ 14 ተረፉ። በጥቅምት 2015 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ በጅምላ የተቀበሩ ሰዎች አስከሬን ወጣ፤ የሟቾቹ ወገን ኢትዮጵያ እንደሆነ ተገመተ። በታኅሣሥ 2015 ሉሳካ ዳር 27 አስከሬኖች መንገድ ላይ ተጥለው ተገኙ። የሆሳዕና ፎቅ የቆመው በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ነው ሲባል፣ ይህም ከሒሳቡ ጋር ይጻፍ።

ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርና በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178 (2012 ዓ.ም.) በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ደላላው ግን የሩቅ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም ገንዘቡን በገዛ እጁ ቆጥሮ የሰጠው ነው። ስለዚህ ምስክር ይጠፋል። ልጁ ታንዛኒያ ይታሰራል፣ ደላላው ሆሳዕና ቡና ይጠጣል።

በዚያው ቴቴ በደረሰው ሐዘን ሰሞን፣ መጋቢት 16 ቀን 2012፣ ኮሮና እንዳይዛመት ተብሎ 4,011 ታራሚዎች በፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ይቅርታ ተለቀዋል፤ ቀላል ጥፋት ያለባቸውና ጊዜያቸው ሊያልቅ የተቃረቡ ነበሩ።

ጥቂት ከአሜሪካ፦

ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ የተወለደው ከልጆች የሥዕል ታሪክ ነው። የአልበከርኪው ዳኛ ጃክ ላቭ ስፓይደርማን ክንዱ ላይ መከታተያ ሲደረግበት አይተው ሐሳቡን ለባለሙያ አቀረቡ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ተሞከረ።

ባርነትን የሻረው የ1865 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ «ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ሐረግ አለው። ታራሚን በነጻ ወይም በሳንቲም ማሠራት ዛሬም የሚቻለው በዚያ ቀዳዳ ነው።

በኮሎራዶ ፍሎረንስ የሚገኘው ከፍተኛ ጥበቃ ያለበት ወህኒ ታራሚውን በቀን ወደ 23 ሰዓት ለብቻው ይዘጋበታል። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቀው ደንብ ግን ለብቻ ማሰር ከ15 ተከታታይ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። ደንቡ የተሰየመው በኔልሰን ማንዴላ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው አገራቸው እንደተመለሱ ተይዘው 27 ዓመት የታሰሩት ማንዴላ።

በአትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት፣ በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሹም ሆኖ ያሰቃያትን ቀልቤሳ ነገዎን እዚያው ሆቴል ሠራተኛ ሆኖ አገኘችው። እሷና ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 እ.ኤ.አ. 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ተባርሮ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

በፌዴራል ደረጃ አሜሪካ ከኅዳር 1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል አመክሮን አስቀርታለች። ታራሚው ጠባዩ ቢያምርም ከፍርዱ 85 በመቶ ያህሉን ይጨርሳል።

የእኛ ሕግ እዚህ ላይ ይለያል፤ ዘመድ የታሰረበት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው። ታራሚ ከተፈረደበት ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ዘጠኝ ዓመት ለተፈረደበት ስድስት ዓመት ማለት ነው። ከፍርድ በፊት በእስር የቆየበት ጊዜም ይታሰብለታል። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት 20 ዓመት ነው። የሚፈታው ፍርድ ቤት እንጂ ማረሚያ ቤቱ አይደለም። ጥያቄውን ግን ማረሚያ ቤቱም ታራሚው ራሱም ማቅረብ ይችላሉ። ሦስት ነገር ይታያል፦ በሥራውና በጠባዩ መታረሙ፣ ከተፈታ በኋላ በሰላም ይኖራል ተብሎ መታመኑ፣ የበደለውንም አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱ። ሦስተኛውን ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። ሽማግሌ ልኮ ካሳ የከፈለ፣ የከፈለበትንም ወረቀት የያዘ ሰው ፋይሉ ባዶ እጁን ከመጣ ሰው ፋይል ይሻላል።

የደርግ ባለሥልጣናት ከእስር የወጡት በዚሁ ስሌት ነው። በ1983 ተይዘው፣ በ2000 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው፣ በ2003 ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው፣ 20 ዓመታቸው ሲሞላ በመስከረም 2004 በአመክሮ ወጡ። ያኔ ያመማቸው የሟች ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሕመማቸው ይገባኛል። ሕጉ ግን ከእነሱ አንዱ ለነበሩት ለፍቅረ ሥላሴ ወግደረስም ሆነ በሬ ሰርቆ ለተፈረደበት ገበሬ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገበሬው መብቱን የሚነግረው ማጣቱ ነው።

የነፍስ ግድያ ጉዳይ በሽማግሌ አይዘጋም፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። ሆኖም በሀዲያና በከምባታ ገጠር የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይዞ የሟች ደጅ ላይ ካልወደቀ ፍርዱ ብቻውን ደም አያደርቅም። ልጁ ማረሚያ ቤት ሳለ ውጭ ያለው ወንድሙ ይገደላል። የይቅርታ ጥያቄ ሲመረመርም ከተበዳይ ወገን ጋር መታረቅ ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ ነው። ክልሎች ይቅርታ ከሚያደርጉባቸው ጊዜያት አንዱ የአዲስ ዓመት ዋዜማ በመሆኑ፣ የታደለ ታራሚ ለሀዲያው ያሆዴ ወይም ለከምባታው መሳላ በዓል ቤቱ ይደርሳል።

የመጨረሻው፣ እጅግ ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት፦ የወንጀል ሕጉ መሰየም የሚለው መብት አለ። ጽኑ እስራት የፈጸመ ሰው ከአምስት ዓመት፣ በቀላል እስራት የተቀጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሳውን ከከፈለ፣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ጥፋቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሳስቶ «አንተ እኮ ታስረህ ነበር» ብሎ በአሮጌው ፍርድ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይከሰሳል፤ የተናገርኩት እውነት ነው ብሎ መከላከልም አይችልም።